ስትሬንግዝ 92፣ ኳሊቲ 25፦ ለማራኪ ሰፈሩ ወንድማችን ጥያቄ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በአጭሩ ልድገመውና ልጀምር፤ በኋላ የሚያነቡትም እንዲገባቸው። የምትኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ዲጂታል ሪሲቨር ከነአንቴናውና ከነቡስተሩ (ከሲግናል ማጉያው) ገዝተህ ጣሪያ ላይ አስተክለሃል። ስትሬንግዙ 92 ያሳያል፣ ኳሊቲው ግን 25 አካባቢ እየዋዠቀ ምስሉ ይቆራረጣል። ማታ ማታና ዝናብ ሲመጣ ይብስበታል። ባለሱቁ «ትልቅ ቡስተር ጨምርበት» ብሎሃል፤ ልግዛ ወይስ ይቅር ነው ያልከው።

አትግዛ። እንዲያውም ያለውንም ንቀለውና ሞክር።

ስትሬንግዝ የሚባለው ወደ ሪሲቨሩ የሚገባው ኃይል በጅምላ ነው። የምትፈልገው የቴሌቪዥን ሞገድም፣ የሞባይል ማማውም፣ የቡስተሩ የራሱ ጫጫታም ተደምሮ 92 ይላል። ኳሊቲ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሪሲቨሩ ሳይሳሳት ማንበብ የቻለውን ነው የሚያሳየው። ቅዳሜ ገበያ መሀል የሚያወራህን ሰው በድምፅ ማጉያ ብታጎላው የገበያው ጫጫታም አብሮ ይጎላል፤ የተባለውን አትሰማም። ምስል የሚሰጥህ ኳሊቲው ነው። የድሮው አናሎግ ሲግናሉ ሲዳከም በረዶ እያዘነበም ቢሆን ይታይ ነበር። ዲጂታሉ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ጥርት ብሎ ይታይና ከዚያ በታች ባንዴ ይጠፋል። በተለመደው አሠራር ሲግናሉ ከጫጫታው በ18 ዴሲቤል (የኃይል ልዩነት መለኪያ ነው) ገደማ መብለጥ አለበት። አንተ ያለኸው ልክ ጠርዙ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ትንሽ ነገር በመጣ ቁጥር የሚወድቀው።

አሁን ወደ ቡስተሩ። ስትሬንግዝ ከ90 በላይ ሆኖ ኳሊቲ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቡስተሩ ከአቅሙ በላይ ገብቶበት መታፈኑ ነው። ርካሾቹ ቡስተሮች የሚያጎሉትን አይመርጡም፤ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን ኤፍ ኤም ሬዲዮም፣ ከ700 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን የሞባይል ኔትወርክም አብረው ያጎላሉ። ከቤትህ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ የቴሌኮም ማማ ካለ እሱ ብቻውን ቡስተሩን ይሞላዋል። ስለዚህ ቡስተሩንም ኃይል የሚሰጠውን ሳጥንም አውጣና ኬብሉን ከአንቴናው በቀጥታ ወደ ሪሲቨሩ አስገባ። ስትሬንግዙ ወደ 60 ወርዶ ኳሊቲው ወደ 70 ከወጣ ችግርህ አለቀ፤ ስትሬንግዝ ወረደ ብለህ አትደንግጥ። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን ሲግናሉ በእርግጥ ደካማ ነው ማለት ነውና ከታች ያለውን ሁሉ ከጨረስህ በኋላ ቡስተሩን መልሰው። ያኔም ቢሆን ቦታው አንቴናው ሥር፣ ምሰሶው ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካ ቡስተር በኬብሉ ውስጥ የጠፋውን ሲግናል አይመልስም፤ ደክሞ የደረሰውን ከነጫጫታው ያጎላዋል እንጂ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ «አንቴና ፓወር» የሚል ይኖራል፤ በኬብሉ 5 ቮልት ይልካል። በ5 ቮልት የሚሠራ ቡስተር ካለህ አብራው፣ በሌላ ጊዜ አጥፋው። ብዙ አንቴናዎች ያለ ቡስተር ሲሆኑ ለቀጥታ ኮረንቲ ሾርት ናቸው፣ ማለትም የኬብሉ ሁለት ሽቦዎች አንቴናው ውስጥ ይገናኛሉ፤ ሪሲቨሩ «ሾርት» ብሎ ቢጮህ ከዚህ ነው።

ስለ ዝናቡ። ከዲሽ ጋር የኖርን ሰዎች ዝናብ ሲዘንብ ሲግናል መጥፋቱን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ለምደነዋል። ለዲሽ እውነት ነው፤ ከ10 ሺህ ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን ሞገድ ዝናብ ይበላዋል። የምድሩ ቴሌቪዥን፣ ማለትም ያንተው ያለ ዲሽ ከምድር ማማ የሚመጣው፣ የሚሠራበት ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ግን ዝናብን ከምንም አይቆጥረውም። ስለዚህ በዝናብ የሚቆራረጥ የምድር ቴሌቪዥን የተከላ ጉድለት አለበት። ወይ ኮኔክተሩ (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) ውስጥ ውኃ ይገባል፣ ወይ አንቴናው ፊት ያለ ባሕር ዛፍ ሲረጥብ ሲግናሉን ይውጠዋል። መለየቱ ቀላል ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነፋስ ቅጠሉን ሲያራግፈው ከተስተካከለ ዛፉ ነው። ፀሐይ ወጥታም ግማሽ ቀን ካልተስተካከለ ውኃው ኬብሉ ውስጥ ነው። በጥር የተተከለ አንቴና ሐምሌ ላይ የሚከዳው ብዙ ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ኮኔክተሩን ፈተህ እየው። ሲፈታ የመሀሉ ሽቦ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ከወጣ ያንን ጫፍ 20 ሴንቲ ያህል ቆርጠህ ጣለው፤ ውኃ ከላይኛው ፕላስቲክ ሥር ባለው የሽቦ መረብ ወደ ውስጥ ይጓዛልና ጫፉን ብቻ መጥረግ አይበቃም። አዲሱን ስትሠራ የላይኛውን ፕላስቲክ 1 ሴንቲ ተኩል ያህል በቢላ ዙሪያውን ቀለል አድርገህ ላጠው፤ መረቡን እንዳትቆርጠው። መረቡን ወደ ኋላ እጠፈው። ነጩን ፕላስቲክ 1 ሴንቲ ያህል አውልቀህ መዳቡን ግለጠው። ከዚያ ኤፍ ኮኔክተሩን ነጩ ፕላስቲክ ከውስጠኛው ቀዳዳ ጋር እኩል እስኪሆን አጥብቀህ ጠምዝዘው፤ መዳቡ ከኮኔክተሩ አፍ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ወጣ ይበል። ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ እንኳ የመሀሉን መዳብ ከነካች ኳሊቲው ዜሮ ነው፤ አዲስ ኬብል ተዘርግቶ ምንም ሳያሳይ ሲቀር መጀመሪያ የምትፈለገው እሷ ናት። በመጨረሻ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ እየደራረብህ ጠቅልለው፤ ከላይ ወደ ታች ከጠቀለልከው መደራረቢያው ውኃ ይሰበስባል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት እንደ ሆድ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ውኃው ከዚያ ይንጠባጠባል፣ ወደ ግድግዳው አይገባም።

ኬብሉ ራሱ ለዲሽ የምንጠቀምበት 75 ኦም አር ጂ 6 ይበቃል። 20 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ይበላል። ሱቅ ውስጥ ጫፉን ልጠህ መረቡን እየው፤ ውስጡን ለመቁጠር የሚያስችል ሳሳ ያለ መረብ ከሆነ ተወው፣ የሞባይሉንና የአምፖሉን ጫጫታ ያስገባል። ሁለት ኬብል በናስትሮ ቀጥለው የሚሄዱም አሉ፤ ከዚያስ ሪሲቨሩን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ይሻላል።

ማታ ማታ የሚብሰው ነገር ከአየሩ ይልቅ ከቤትህ ውስጥ ይመስለኛል። ሲመሽ የሚበሩት ርካሽ ኤል ኢ ዲ አምፖሎችና የስልክ ቻርጀሮች በዚሁ ሞገድ ላይ ጫጫታ ይረጫሉ፤ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ ደግሞ ኮረንቲው ይወርድና የቡስተሩ አዳፕተር በቂ ቮልት አያገኝም። ዛሬ ማታ ሲቆራረጥ የኳሊቲውን መስመር ክፍት አድርገህ አምፖሎቹን አንድ በአንድ አጥፋ፣ ቻርጀሮቹን ንቀል። አንዱን ስታጠፋ ቁጥሩ ዘለል ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ቀይረው ወይም ኬብሉን ከእሱ አርቀው። የአንቴና ኬብልና የኮረንቲ ሽቦ በአንድ ቱቦ ውስጥ ኮርኒስ ላይ አብረው ከተዘረጉ መለያየት አለባቸው።

አንቴናውን በሜትር ለካው። የመሀለኛው፣ ኬብሉ የሚታሰርበት ዘንግ 70 ሴንቲ አካባቢ ከሆነ የድሮው ቪ ኤች ኤፍ (ለዝቅተኛው ሞገድ የተሠራው) አንቴና ነው፤ ቢቀቡትም ቢያጸዱትም ለዚህ ሥራ አይሆንም። የዩ ኤች ኤፉ፣ ማለትም ለዚህ ከ470 በላይ ላለው ሞገድ የሚሆነው፣ ከ20 እስከ 32 ሴንቲ ነው። ዘንጎቹ መጋደም አለባቸው ወይስ መቆም የሚለውን ማሰራጫው ነው የሚወስነው። የሚሠራለት ጎረቤት ጣሪያ ላይ እይና እንደሱ አድርግ። ከተሳሳትክ 15 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ታጣለህ፤ ይህን የሚመልስ ቡስተር የለም።

የጎንደር ዋና ጣጣ መሬቱ ነው። ከተማው በአንገረብና በቀሃ መሀል በገመገም ላይ የተቀመጠ ነው፤ ዙሪያውን ኮረብታ ነው። ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ማሰራጫውን ያያል፣ ሌላው ቁልቁለቱ ጀርባ ይቀራል። ማማውን በዓይንህ ካየኸው ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ግን ያየኸው ማማ ሁሉ የቴሌቪዥን አይደለም። ከበሮ የሚመስሉ ክብ ነገሮችና ቀጫጭን ቁመታም ሳጥኖች ያሉበት የቴሌኮም ነው። ማማው ካልታየህ የጎረቤቶችህን አንቴና አቅጣጫ ተከተል። በስልክ ኮምፓስ ከለካህ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ቆመህ ወይም የብረት ምሰሶውን ተደግፈህ አትለካ፣ ያሳስትሃል፤ ወርደህ ግቢ መሀል ለካ።

ኮረብታ ሞገዱን ያንጸባርቃል። ማሚቶው 3 ኪሎ ሜትር ዞሮ ከመጣ ከቀጥተኛው በ10 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል። ዲቪቢ ቲ 2 የሚባለው የምድር ዲጂታል ቴሌቪዥን አሠራር ይህን ያህል መዘግየት እንዲታገስ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ማሚቶው ከዋናው ጋር በኃይል ሲቀራረብ ከቻናሉ ውስጥ የተወሰነውን ክፍል ይበላዋል፣ አንተም ያለህ ትርፍ ያልቃል። መፍትሔው አንቴናውን ማንቀሳቀስ ነው። የሞገዱ ርዝመት 50 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ አንቴናውን ምሰሶው ላይ 30 ሴንቲ ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ጣሪያው ላይ 1 ሜትር ወደ ጎን መውሰድ ኳሊቲውን ከ25 ወደ 60 ሊያወጣው ይችላል። ሁልጊዜ ከፍ ማድረግ ይሻላል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ዝቅ ብሎ የተሻለ የሚሠራበት ጣሪያ ሞልቷል። ከቆርቆሮው ግን ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል፤ ከቆርቆሮ በታች ኮርኒስ ውስጥ ማስቀመጥማ አይታሰብም።

ስታስተካክል ሁለት ሰው ሁኑ፣ አንዱ ላይ ሌላው ቴሌቪዥኑ ጋ። በ5 ዲግሪ በ5 ዲግሪ አዙርና በየመሀሉ 5 ሰከንድ ቁም፤ የሪሲቨሩ መስመር ዘግይቶ ነው የሚያሳየው፣ የሚቸኩል ሰው ጥሩውን ቦታ አልፎት ይሄዳል። ምስሉ በግራ የሚጠፋበትንና በቀኝ የሚጠፋበትን ምልክት አድርግና መሀላቸው ላይ እሰረው። የሚጮኸው ሰው «ኳሊቲ ስንት?» ብቻ ይበል።

ከአዘዞና ከደምቢያ በኩል የምታነቡ፣ የእናንተ ጉዳይ ርቀት ነው። ግምቱ እንዲህ ነው፦ የማሰራጫውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን፣ የእናንተንም አንቴና ስኩዌር ሩት ደምሩና በ4.12 አባዙት፤ ኪሎ ሜትሩን ይሰጣችኋል። ከዝርጉ መሬት 100 ሜትር ከፍ ላለ ማሰራጫና 9 ሜትር ላለ ምሰሶ 54 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፣ መሀል ላይ ኮረብታ ካልቆረጠው።

ስካኑን (የቻናል ፍለጋውን) በማኑዋል፣ ፍሪኩዌንሲውን ራስህ እያስገባህ፣ አድርገው። የሚሠራለት ጎረቤት ሪሲቨር ላይ ኢንፎ ተጫንና ፍሪኩዌንሲውን ጻፈው። የቻናል ቁጥር ብቻ ካገኘህ በ8 አባዝተህ 306 ደምርበት፤ ቻናል 21 ማለት 474፣ ቻናል 30 ማለት 546 ሜጋኸርዝ ነው። ባንድዊድዝ (የቻናሉ ስፋት) 8 ሜጋኸርዝ። አውቶ ስካን ማሚቶውን ወይም ደካማውን ይዞ ሊመዘግብልህ ይችላል። የሪሲቨሩን ጀርባም አንብበው፦ ቲ 2 የማይል ከሆነ፣ ኤስ 2 ብቻ ካለ፣ የዲሽ ነው፤ ፍሪኩዌንሲ በማስገባት አይሠራም።

ሁለተኛ ቴሌቪዥን አሁን አትጨምር፤ ስፕሊተር ለሁለት ሲከፍል ወደ 4 ዴሲቤል ይወስዳል፣ አንተ የምትሰጠው የለህም።

ምሰሶውን ደግሞ ከኮረንቲ ሽቦ ከራሱ ርዝመት በላይ አርቀው፤ ቢወድቅ እንዳይደርስ። ክረምት ሲገባ መብረቁ ስለሚበረታ ምሰሶውን በ16 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር እሰረው፤ ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ሳይደርስ የአንቴናውንም የኮረንቲውንም ሶኬት ንቀል። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ጣሪያ ላይ አትውጣ።

ቡስተሩን ነቅለህ ከሞከርህ በኋላ ስትሬንግዝና ኳሊቲውን፣ በቀንና በማታ፣ ከነፍሪኩዌንሲው እዚሁ ጻፍልን። የኮኔክተሩንም ፎቶ ቀረብ ብለህ አንሳና ላከው።