ክንድዎ አልዛለም

ጥያቄ፦ በውጭ አገር በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለጀማሪዎች የሚሆን የዲስክ ጎልፍ (ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዲስክ እየወረወሩ በጥቂት ውርወራ ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ) ሜዳ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እጫወት ነበር። አሁን ተመልሼ ደብረ ብርሃን ውስጥ አስተምራለሁ። ይዣቸው በመጣኋቸው ሦስት ዲስኮች ተማሪዎቼን ለማለማመድ ስሞክር ግን፣ እዚያ ቀጥ ብሎ ይሄድልኝ የነበረው ዲስክ እዚህ ቶሎ ወደ ግራ ታጥፎ ይወድቅብኛል። ክንዴ ዝሎ ይሆን? ቅርጫት በሌለበት ግቢስ ጀማሪን የማያስመርር መጫወቻ ማሰናዳት ይቻላል?

መልስ፦ የተለወጠው አየሩ እንጂ ክንድዎ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ዲስክ ደግሞ እንደ ድንጋይ በተወረወረበት ጉልበት ብቻ የሚጓዝ ሳይሆን አየር ላይ ተደግፎ የሚንሳፈፍ ነገር በመሆኑ፣ የሚደገፍበት አየር ሲሳሳ ጠባዩ ይለወጣል። ቀኝ እጁን በደረቱ ፊት አሻግሮ የሚወረውር ሰው ዲስኩን የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ያሽከረክረዋል፤ ዲስኩም ፍጥነት ሳለው ጥቂት ወደ ቀኝ ያዘነብልና ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ግራ ይታጠፋል። በስስ አየር የመጀመሪያው ማዘንበል ስለሚቀንስ ግራው ያመዝናል፤ እርስዎም ያዩት ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በአብዛኞቹ ዲስኮች ላይ ከሚታተሙት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያው ፍጥነትን፣ ሁለተኛው መንሳፈፍን፣ ሦስተኛው መነሻ ላይ ወደ ቀኝ ማዘንበልን፣ አራተኛው መጨረሻ ላይ ወደ ግራ መታጠፍን ያመለክታሉ። ሦስተኛው ቁጥር ከዜሮ በታች ሁለት ወይም ሦስት፣ አራተኛው ዜሮ ወይም አንድ የሆነ ቀለል ያለ ዲስክ ለደጋ አየር ይስማማል። የፍጥነት ቁጥሩ ከአሥር የሚበልጠውን ድራይቨር (ለሩቅ ውርወራ የሚሆን ፈጣን ዲስክ) ለጀማሪ መስጠት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ፈረስ ላይ ወጥቶ ለማያውቅ ልጅ ያልተገራ ፈረስ እንደ መስጠት ነው፤ ፓተር (ለቅርብ ውርወራ የሚሆን ዝግተኛ ዲስክ) ወይም ሚድሬንጅ (ለመካከለኛ ርቀት የሚሆን) ይበቃዋል።

ነፋሱንም መርሳት አይገባም። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ዲስኩን ወደ ቀኝ ሊገለብጠው ስለሚችል ዝቅ አድርጎ መወርወር ይሻላል፤ ከኋላ የሚመጣው ደግሞ ቶሎ ወደ መሬት ያወርደዋል። ነፋስን ለመሸሽ ማልደው ሊወጡ ያስቡ ይሆናል፤ ነገር ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ጣትም ይደነዝዛል። ፀሐይ ሞቅ የምትልበት፣ ነፋሱም ገና ያልበረታበት ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው።

ቅርጫት አለመኖሩ አያሳስብዎት። በካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ በተባለ መናፈሻ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ በ1975 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ዒላማዎቹ ቋሚ ምሰሶዎች ነበሩ፤ ዲስኩን የሚይዙ ሰንሰለቶች የተንጠለጠሉበትን ቅርጫት የሜዳው ነዳፊ ኤድ ሄድሪክ የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ጨርቅ አስረው ይጀምሩ። ተማሪዎቹ ከወደዱት፣ ብየዳ ቤት ሄደው የአሮጌ ብስክሌት ቸርኬ በብረት ዘንግ ላይ ማስበየድ፣ ሰንሰለት ማንጠልጠልና ከሥሩ ዲስኩን የሚቀበል ቅርጫት ማድረግ ይቻላል፤ የቅርጫቱ አፍ ከመሬት 82 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል።

ዘጠኝ ዒላማዎች ይበቃሉ፤ ርቀታቸውም ከ40 እስከ 60 ሜትር ይሁን። ጀማሪን የሚያስመርረው ሜዳው ቀላል መሆኑ ሳይሆን አምስት ጊዜ ወርውሮ ዒላማውን አለማየቱ ነው። የውርወራው መስመር የእግረኛ መንገድን እንዳያቋርጥ፣ ወደ መስኮትም እንዳያመራ ይጠንቀቁ፤ ዲስክ ጠርዙ ጠንካራ ስለሆነ ሰው ፊቱ ላይ ቢመታ ይጎዳል። ሜዳው ላይ በግ የሚግጥ ከሆነ እረኛው እስኪያሳልፍ መጠበቅ ግድ ነው። ከዒላማው በ10 ሜትር ክልል ውስጥ የሚወረውር ሰው ሚዛኑን ሳይጠብቅ ወደ ፊት እንዳይራመድ የሚያዘውን ሕግ ግን ከመጀመሪያው ቀን ያስለምዷቸው፤ ሌላውን ሕግ ለጊዜው ላላ ማድረግ አይከፋም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል የለ!

ከሦስቱ ዲስኮችዎ የፍጥነት ቁጥሩ ትንሹ የሆነውን ለተማሪዎቹ ይስጡ። ክረምት ገብቶ ሣሩ ሲረዝም ደግሞ አረንጓዴ ዲስክ ካለዎት ቤት ያስቀምጡት፤ ብርቱካናማ ከሩቅ ይታያል።