ከአያቱ ጋር የከረመው ማሙሽ አማርኛውን ይተው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ወንድ ልጅ አለኝ። ዘንድሮ ሰመሩን እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እሷ ነበረች የያዘችልኝ፣ እና ከሥራ ስመለስ ሁሌ ውጪ ናቸው፣ ወይ ፓርክ ወይ ውሃ የሚረጨው ቦታ፣ ቅዳሜ ደሞ ሁላችንም ዙ (የአራዊት መጠበቂያው) እንሄዳለን። ልጄ አፉን የፈታው ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ውሃን "ቡዋ" ይላል፣ በቃን "ባታ"፣ ጨረቃን "ታያ"፣ ከዛ ደሞ "ሞር" እና "ባይ" አለ። ለቡሄ ቤተክርስቲያን ወስደነው ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ አይቶ እስካሁን ዱላ የመሰለ ነገር ካገኘ መሬቱን እየመታ "ሆ!" ይላል። አሁን እማዬ ተመልሳለች፣ እሱም ዴይኬር (የሕፃናት ማዋያ) ገባ፣ እዛ የምትይዘው ሴትዮ ሁለት ቋንቋ እያምታታው ነው ቤትም እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት አለችን። ባለቤቴ እውነቷን ይሆናል ይላል፣ የኔ ልብ ግን እምቢ አለ። ደሞ አንዳንዶቹን ቃላት ከወዲሁ እየተዋቸው ስለሆነ እንዳልረሳቸው ፈራሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?
የማሙሽ እናት

መልስ፦ የማሙሽ እናት፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። አማርኛውን እንዳትተዪው፣ መጀመሪያ ይሄን ልበልሽ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ውስጥ የታየኝ ልጅ የተምታታበት ልጅ አይደለም። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር አያዘገይም፣ ይሄን የሚለው አሻ የሚባለው የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር ራሱ ነው። ቃላቱን ስትቆጥሪ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ደምረሽ ነው፣ ዴይኬር ውስጥ ግን የሚሰሙት እንግሊዝኛውን ብቻ ስለሆነ ከልጁ ግማሹ ነው የሚታያቸው። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ተቋም በ2022 ባሻሻለው መመዘኛ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ቢያንስ ሁለት ቃል ያጣምራል፣ ወደ 50 ቃል የሚጠበቀው ደሞ በ30 ወሩ ነው። ስለዚህ "ሞር ቡዋ" ካለሽ አጣመረ ማለት ነው፣ አንዱ ቃል ካንዱ ቋንቋ ሌላው ከሌላው ቢሆንም ችግር የለውም፣ ጎበዝ በይውና ውሃውን ስጪው። "ባታ" እና "ታያ"ም አያስጨንቁሽ፣ መ፣ በ፣ ነ፣ ደ ለህፃን አፍ ቀድመው ይመጣሉ፣ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ረ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ።

እናትሽ ምን እንዳደረጉ ደሞ ልንገርሽ። ልጁ ያየውን ነገር ነው ስሙን የነገሩት። ህፃን ቃል የሚይዘው ዓይኑና ጣቱ ያለበትን ነገር በዛችው ቅጽበት ሰው ሲጠራለት ነው፣ ውጪ ሲወጣ ደሞ የሚጠቁመው ነገር ብዙ ነው፣ ውሻው፣ አውቶብሱ፣ የረጠበው ጫማው ሁሉ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ዋሽንግተን ያለው ናሽናል ዙ እንደሆነ ሙዚየሞቹን የሚያስተዳድረው የስሚዝሶኒያን ስለሆነ መግቢያው ነፃ ነው፣ የሚያስከፍለው የመኪና ማቆሚያው ነው። የኔ ልጅ አሁን ሃይስኩል ደርሳለች፣ እሷ "ባቡ" ያለችው ዊተን ፓርክ ያለችው ትንሿ ባቡር ላይ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነው፣ ባቡሯ ጥሩምባ ስትነፋ ደንግጣ ልታለቅስ ደረሰችና አባቷ "ባቡር ናት የኔ እናት፣ ባቡር" ሲላት አፉን አፉን እያየች ደገመችው። ያኔ ግድግዳ ላይ የቤተክርስቲያን ካላንደር ነበረን፣ እዛው ላይ ቀኑ ሥር በእስክሪብቶ ጻፍኩት፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል ከሚለው አጠገብ "ባቡ፣ ዊተን፣ ከአባቷ ጋር" ይላል፣ አሁንም አለ። በጣም ነው የምወደው።

አንቺም እንደዛ አድርጊ። ቃሉን አስተካክለሽ ሳይሆን እሱ እንዳለው ጻፊው፣ የት እንዳለው፣ ማን እንደነበረ፣ ምን ፈልጎ እንደሆነ ጨምሪበት። በስልክሽም ድምፁን ቅጂ፣ ግን ቪዲዮ ብቻውን አይበቃም፣ ከዓመታት በኋላ "ታያ" ሲል ብትሰሚ ጨረቃ ማለቱ እንደነበር ሊጠፋሽ ይችላል።

ባለቤትሽ ካልተረጋጋ ወይም አንቺም ሌላ የሚያሳስብሽ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ ወይ ይላቸው የነበሩትን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ እየተወ ከሄደ፣ አትጠብቂ፣ የሕፃናት ሐኪሙን ጠይቂና ጆሮውን አስመርምሪው። ሜሪላንድ ውስጥ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ከ3 ዓመት በታች ያለን ልጅ እድገቱን በነፃ ይገመግሙለታል፣ ወላጅ ራሱ መደወል ይችላል፣ የአማርኛ አስተርጓሚም ጠይቂ ምክንያቱም አማርኛውን ካልሰሙለት ግምገማው ሙሉ አይሆንም።

ከእናትሽ ጋር በቪዲዮ መነጋገሩን ደሞ ከስክሪን አትቁጠሪው፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንኳን ከ18 ወር በታች ላሉት ስክሪን እንዳይሰጣቸው ሲመክር ቪዲዮ ኮልን ለይቶ ነው የተወው። የሰዓት ልዩነቱ በሰመር 7 በዊንተር 8 ስለሆነ ጠዋት ዴይኬር ሳይሄድ ብትደውሉ እዛ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ማንኪያውን ያሳያቸው፣ ጫማውን ያሳያቸው፣ እሳቸው ስሙን ይጥሩለት። እና መጀመሪያ ስትደውዪ ወረቀት ይዘሽ ተቀመጪ፣ አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ ምን ምን ይል እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና ሳይረሱት ሁሉንም ጠይቂያቸው።