የፋሲል ግንብ እንደ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ

አንድ አንባቢ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የፋሲልን ግንብ በነጭ ፎም እየሠራሁ ነው። መጀመሪያ ፕላስቲክ ቀለም ቀባሁት፣ ሲደርቅ ጥቁር ስፕሬይ ነፋሁበት። ሜዳው ግድግዳ ደህና ነው፤ መስኮቶቹና ማዕዘኖቹ ግን እንደ እንጀራ ዓይን አወጡ። ጓደኛዬ በማስቲሽ ደፈነልኝ፣ ባሰበት። ከሥር ያለው ካርቶንም ጫፍ ጫፉ ተነሣ። ስፕሬዩ አሮጌ ይሆን?»

አሮጌ አይደለም። እንደውም ሥራውን በደንብ ሠርቷል። «ሜዳው ደህና ነው» ስትል ነገሩ ገባኝ። ፊት ለፊቱን ቀብተህ የመስኮቱን ውስጠኛ ጎንና በከተር የቆረጥከውን ጠርዝ ዘለልከው። ፎቶውን ባላየውም እወራረዳለሁ።

ሰው ሁሉ «ፎሙ ተቃጠለ» ይላል። አልተቃጠለም፣ ሟሟ። ነጭ ፎም ከመቶው 98 እጁ አየር ነው፣ ፕላስቲኩ የቀረችው 2 እጅ ብቻ ናት። ቆዳቸው የሳሳ ጥቃቅን ፊኛዎች ተጣብቀው ቆመው እንደማለት ነው። ስፕሬይ፣ ቲነርና ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሟቻ ቆዳውን ሲነካው ይለሰልሳል፣ አየሩ ይወጣል፣ ፊኛው ይሟሽሻል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ተራውን ይጠብቃል። ለዚህ ነው አንዲት ጠብታ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ የምትከፍተው። ተለማማጅ በመጣ ቁጥር በረንዳ ላይ፣ እሳት በሌለበት፣ በመስታወት ብርጭቆ ትንሽ አሴቶን አደርግና የቲቪ ማሸጊያ ፎም እየቆራረስኩ እጨምርበታለሁ። ክንድ የሚያህል ፎም ይገባል፣ ብርጭቆው አይሞላም፤ ከታች የታኘከ ማስቲካ የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል። ፕላስቲክ ቀለምና ኮላ ግን በውሃ የሚቀጥኑ ናቸው፣ ፎም ከውሃ ጋር ጠብ የለውም።

ጓደኛህን አልቀየመውም፣ ግን ማስቲሽ የጫማ ነው! የሟሟን ፎም በሚያሟሟ ነገር መድፈን ምን ይባላል? የነካውን ሁሉ ቆርጠህ አውጣ፣ ንጹሕ ፎም እስክታገኝ። ትልቁን ክፍተት በፎም ቁራጭና በኮላ ሙላው፣ ትንንሹን ጀሶ በኮላ ለውሰህ። ለከተርህ አዲስ ምላጭ ግዛ፤ ያ ርካሹ ሁለቴ ከቆረጠ በኋላ ፎሙን እንደ ቆሎ እየፈለፈለ ነው የሚያወጣው። ከዚያ ጠርዙንም፣ የመስኮቱንም ሆድ፣ መጋጠሚያውንም ኮላ በተቀላቀለበት ፕላስቲክ ቀለም ሁለቴ ቀባና አንድ ቀን ተወው። ባትሪ አብርተህ እየው፣ ነጭ ነጥብ ካየህ አልጨረስክም።

ካርቶኑ የተነሣው አንድ ፊቱ ብቻ ኮላ ስለጠጣ ነው፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ይጎትታል። ጀርባውንም ኮላ ቀባና ላስቲክ አልብሰህ መጽሐፍ ጫንበት፣ ይደር። ካልተመለሰ 6 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) አስቆርጥ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ግንቡ ጥቁር አይደለም። ድንጋዩ ቡናማ ባዛልት ነው፣ የበርና የመስኮቱ ቅስት ቀላ ይላል። የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ፎሙ ላይ ጫን ጫን ብታደርግ የድንጋይ መልክ ይሰጥሃል፤ ይህ ግን ከቀለም በፊት ነው፣ አሁን ለጠገንከው ቦታ ብቻ ይሆንሃል። በመጨረሻ ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርገህ ገላጣ ቡናማ ከላይ ከላይ አስነካው። 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ላለው የጨዋታ ወታደር በሩ 4 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል።

እኔ ብሆን ስፕሬዩን እተወዋለሁ፣ ከቡናማው ሥር ለሚቀባው መነሻ ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም በብሩሽ ይበቃል። የግድ ካልክ ውጭ ወጥተህ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስስ አድርገህ ንፋ። ቤት ውስጥ አይሆንም። ቡና እየተፈላ አይሆንም። ጋዙ እሳት ይይዛል፣ የማስቲሽም ሽታ እንዲሁ፤ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ከሰሉ ድረስ ይሄዳል። «ከሰሉ ጠፍቷል» ቢሉህም አመዱን ገለጥ አድርገህ እይ።