ጥያቄና መልስ፦ ሜዳ ላይ የተገኘች ሚዳቋ፣ ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሳ፣ ሰንሰለት ያለባት ጦጣ

ባለፈው ወር እዚሁ አምድ ላይ የተጎዱና እናታቸው የሞተችባቸው የዱር እንስሳት ጎንደር ውስጥ እንደምናስታምም በሁለት መስመር ጠቅሼ ነበር። ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ የዚህን ወር ቦታ በሙሉ ያዘው። ስለ ላምና ስለ ዶሮ የጠየቃችሁኝ አደራ እንዳትቀየሙ፣ በሚቀጥለው ወር እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ግቢ ቬተርናሪ እየተማርኩ ነው። እናንተ ጋ በበጎ ፈቃድ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ጓደኞቼ ግን ቀኑን ሙሉ እንስሳ ማቀፍ ነው ይሉኛል። ውሎው እውነት ምን ይመስላል?

መልስ፦ ማቀፍ የሚባል ነገር የለም ወንድሜ፣ ሥራው ባብዛኛው እጥበት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ እንነሳለን፣ መጀመሪያ ማን እንዳደረ ማን እንዳላደረ እናያለን፣ ከዛ ትንንሾቹ አንድ በአንድ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ሚዛኑን አትናቀው፣ ከትናንት የቀነሰ ካለ ወይ ወተቱ አልተስማማውም ወይ ተቅማጥ እየጀመረው ነው፣ ገና ዓይኑ ላይ ምንም ሳይታይ ሚዛኑ ቀድሞ ይነግርሃል። ከዛ ጡጦና ስሪንጅ መቀቀል፣ ፎጣ ማጠብ፣ ቤታቸውን መጥረግ፣ እንደገና ማጥባት፣ በጣም ትንንሾቹ ደግሞ ሌሊትም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይጠባሉ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን መሙላቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው፣ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሀይላንድ በሙቅ ውሃ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን ጎናቸው እናስቀምጣለን።

የማጥባቱን ነገር በደንብ ልንገርህ ምክንያቱም ብዙ ነፍስ የሚጠፋው እዛ ላይ ነው። እናቷ በመኪና የተገጨችባት የጦጣ ልጅ ስትመጣ መጀመሪያ የምትፈልገው የምትይዘው ነገር ነው፣ ወተቱ በኋላ ይደርሳል፤ ጣቶቿ ጸጉር ፍለጋ አየር ላይ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ፎጣ ጠቅልለን እንሰጣታለን፣ በእጇም በእግሯም ትጣበቅበታለች፣ ከተረጋጋች በኋላ በሆዷ እንደተኛች አንገቷን ትንሽ ቀና አድርገን በትንሿ ስሪንጅ ጠብታ በጠብታ እንሰጣታለን፣ በዋጠች ቁጥር ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እያየን። ሰው ግን እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባዋ ያስተኛትና ይግታታል፣ ወተቱ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ በሳንባ ምች ትሞታለች።

ሌላው ደግሞ ሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ጭልፊቱና ጉጉቱ ጾም አያውቁም፣ ስለዚህ ከቅበላ በፊት ሥጋ እየዞርን እንሰበስባለን፣ የሰው ፍሪጅ እንለምናለን። አንተ ግን ከመምጣትህ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ተከተብ፣ ያለዛ አንቀበልህም። ስም ማውጣት፣ ማጫወት፣ ማነጋገርም የለም፣ አንድን እንስሳ የሚመግበው በተቻለ መጠን አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው የለመደ እንስሳ ጫካ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ሰው ጋ ይሄዳል፣ እዛ የሚጠብቀው ደግሞ ድንጋይና ውሻ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን ከረሙ፣ ከዳባት ነው የምጽፈው። ልጆቼ እንጨት ሊለቅሙ ሄደው የሚዳቋ ግልገል ብቻዋን ሣር ውስጥ ተኝታ አግኝተው ይዘዋት መጡ፣ እናቷ ጥላት ሄዳ ነው አሉ። የላም ወተት በጡጦ ሰጠኋት፣ አሁን ተቅማጥ ይዟታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በስልክ እንደተነጋገርነው ግልገሏ አሁን እኛ ጋ ናት፣ ተቅማጡም ቆሟል። እዚህ የምጽፈው ለሌሎች እናቶችና በተለይ ለልጆች ነው።

የሚዳቋ እናት ልጇን አትጥልም፣ ትደብቃታለች። ግልገሏ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽታዋ በጣም ትንሽ ነው፣ ሣር ውስጥ ወይ ቁጥቋጦ ሥር ዝም ብላ ትተኛለች፣ ሰው አጠገቧ ቢደርስ እንኳ ላትነቃነቅ ትችላለች። እናቲቱ ራቅ ብላ ትግጣለች፣ ቀኑን ሙሉ አብራት ብትቆም ጅብና ቀበሮ ስለምትስብባት በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ መጥታ አጥብታት ትሄዳለች። ድኩላም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ያዩት የተጣለች ግልገል አልነበረም፣ ምሳዋን የምትጠብቅ ግልገል ናት፣ ልጆቹን ግን እንዳትቆጪያቸው፣ ያዘኑላት መስሏቸው ነው።

አሁንም እንዲህ ዓይነት ነገር ቤታችሁ የገባ ሰዎች፣ በዛው ቀን ወይ በነጋታው ከሆነ ወደተገኘችበት ቦታ መልሷት፣ ከመምሸቱ በፊት እዛው ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጧትና ርቃችሁ ሂዱ። የሰው እጅ የነካትን እናቷ አትቀበላትም የሚባለው ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም፣ እናቲቱን የሚያስቀራት ሰው አካባቢው ላይ ቆሞ ማየቱ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሂዱና ከሩቅ እዩ፣ ከሌለች ወይም ሆዷ ሞላ ብሎ ጸጥ ብላ ከተኛች ጨርሳችኋል። ቁስል ካላት፣ ዝንብ ከወረራት፣ ስትጮህ ከዋለች ወይም እናቷ መሞቷን በዓይናችሁ ካያችሁ ግን ያኔ እርዳታ ያስፈልጋታል።

እርዳታው ደግሞ በወተት አይጀምርም። ጣታችሁን አፏ ውስጥ አስገቡ፣ አፏ ከቀዘቀዘ ምንም አትስጧት፣ የቀዘቀዘ ሆድ ወተት አይፈጭም። መጀመሪያ በሙቅ ሀይላንድና በጋቢ አሙቋት፣ ከዛ ለብ ያለ ኦአርኤስ፣ ከዛ በኋላ ነው የፍየል ወተት፣ እሱም ጥቂት ጥቂት እየተባለ። የምትጠባው ቆማ አንገቷን ወደላይ ዘርግታ ነው፣ እናቷ ሥር እንደምትጠባው። እንደዛ ስትሆን ወተቱ የሚያመሰኳውን ጨጓራ አልፎ ቀጥታ ወደሚፈጨው ይሄዳል፣ ከሳህን ከጠጣች ግን እዛው ኮምጥጦ ሆዷን ይነፋታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ ከጠባች በኋላ ከኋላዋ በለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ መታሸት አለባት፣ እናቷ በምላሷ የምታደርገው እሱን ነው፣ ካልታሸች ሽንትም ሰገራም አይወጣላትም። ይሄ ሁሉ ግን ባለሙያ እስኪደርስ ነው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማኖር በሕግ ክልክል ነው፣ የወረዳችሁን የዱር እንስሳት ባለሙያ አሳውቁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቄራው አጠገብ ነው የምኖር። ክንፉ የተንጠለጠለ ጥንብ አንሳ አጥራችን ሥር ተቀምጧል፣ ጎረቤት በድንጋይ እንግደለው ይላል፣ እኔ ግን አሳዘነኝ። ውሃና ሥጋ ልስጠው ወይ?

መልስ፦ አባቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስላሳዘነዎት። ውሃ በአፉ አያድርጉበት፣ የወፍ የአየር ቧንቧ ምላሱ ሥር ክፍት ሆኖ ስለሚገኝ በግድ የተጠጣ ውሃ ያፍነዋል። ሥጋም አሁን አይስጡት። ያረጀ ጋቢ ወይ ነጠላ ከላይ ጣል ያድርጉበት፣ ዓይኑ ሲጨልምበት ይረጋጋል፣ ከዛ ክንፎቹን ወደ ጎኑ ሰብስበው ከነጋቢው ያንሱት። የጥንብ አንሳ እግር እንደ ጭልፊትና እንደ ንስር አይጨብጥም፣ የሚፈራው መንቆሩ ነው፣ ስለዚህ ጭንቅላቱን በጨርቁ ይያዙ። ሲደነግጥ የበላውን ያስታውካል፣ ጠረኑ ከባድ ነው፣ አይደንግጡ፣ መከላከያው ነው። ቀዳዳ ያለው ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስገብተው ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ያኑሩት፣ የሽቦ ሣጥን ላባውን ይሰባብርበታል። ልጆች እየከፈቱ እንዳያዩት ብቻ ይጠብቁልኝ። ደግሞ በዛሬው ቀን ይምጣ፣ የወፍ አጥንት በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይይዛል፣ ተጣሞ ከያዘ በኋላ ቢመጣ እኛም ምንም አንሠራለትም፣ ዳግመኛም አይበርም።

ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ፣ ቄራና ቆሻሻ መጣያ ላይ የምናያት ያቺ ቡናማዋ ትንሽ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግባለች። በዓመት አንድ እንቁላል ነው የምትጥለው፣ አንድ ሲገደል ቶሎ አይተካም። ከሁሉ በላይ የሚጨርሳቸው መርዝ ነው፣ ለጅብ ወይ ለውሻ ተብሎ በድን ላይ መርዝ ይደረጋል፣ በዛ ላይ ያረፈ ሁሉ እዛው ይቀራል።

ሌላም አለ፣ ዲክሎፌናክ። ለወገብና ለጉልበት ህመም የምንወጋት መድኃኒት ናት። ህንድ ውስጥ ለከብት ይወጉት ነበር፣ ከብቱ ሲሞት በድኑን የበሉት ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሦስት ዝርያዎች ከመቶ 95 በላይ አለቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለእንስሳት መጠቀም ተከለከለ። እኛም ሥጋ ቤት ስንሄድ መጀመሪያ የምንጠይቀው ከብቱ መርፌ ተወግቶ ነበር ወይ ብለን ነው፣ ካላወቁልን አንወስድም።

ጥያቄ፦ እውነቱን ልናገር፣ ሰው በተፈናቀለበትና ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ለአሞራ ጡጦና ስሪንጅ ማለት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ከአራዳ።

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም ቤት የተጠጋ ዘመድ አለ። ግን ህንድ ውስጥ ጥንብ አንሳው ሲያልቅ የሆነውን ልንገርህ። በድኑ ሜዳ ላይ ቀረ፣ የመንገድ ውሻ በዛ፣ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት በሰው ላይ በዛ። የጥንብ አንሳ የጨጓራ አሲድ እኮ አባ ሰንጋ ያለበትን በድን ፈጭቶ የሚያሳልፍ ነው። ጎንደር ላይ የውሻውን ብዛት አንተም ታየዋለህ፣ ማታ ከፒያሳ በእግሩ የሚመለስ ሰው ያውቀዋል። ያንን በድን በነፃ የሚያነሳልንን አሞራ ማዳን ለሰውም ነው። ለሰው ከሚሰጠው ላይ የቀነስነው ነገር ደግሞ የለም፣ የምንመግባቸው ሰው የማይበላውን ትርፍራፊ ነው፣ ጉልበቱም የራሳችን።

ጥያቄ፦ ግሮሰሪ አለኝ፣ አዘዞ። ከገጠር የተገዛች ጦጣ ወገቧ ላይ ሰንሰለት አድርጌ አሳደግኳት፣ ደንበኛ ይወዳታል። አሁን ትልቅ ስትሆን መናከስ ጀመረች። ጥርሷን ማስነቀል ይቻላል? ወይስ አንገረብ ወንዝ ዳር ልልቀቃት?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆንም። ጥርስ መንቀል ጭካኔ ነው፣ አላደርገውም፣ የሚያደርግልህ ካገኘህም አታድርገው። ተናካሽ የሆነችው ክፉ ሆና አይደለም፣ ጦጣ በሦስት በአራት ዓመቷ ትደርሳለች፣ መንጋ ውስጥ ቦታዋን በጥርስ የምታስከብርበት ጊዜ ነው፣ ያላት መንጋ ደግሞ አንተና ደንበኞችህ ናችሁ። ብቻዋን ወንዝ ዳር ብትለቃት እዛ ያለው መንጋ እንግዳ ስለሆነች ያባርራታል፣ ሊገድላትም ይችላል፣ ካልገደላት ተመልሳ የሰው ቤት ትገባለች።

ዛሬ ማድረግ የምትችለው ይሄ ነው፦ ሰንሰለቱን እይ፣ ትንሽ ሆና የታሰረው ሰንሰለት ስታድግ ቆዳ ውስጥ ይሰምጣል፣ ከጸጉሩ ሥር ስለሆነ አይታይም፣ ጠረን ካለ ግን ቆስሏል፣ አንተ አትጎትተው፣ እኛ አደንዝዘን እንፈታዋለን። ቢራና ብስኩት የሚሰጣትን ደንበኛ አስቁም። የሚያስል ሰው አይጠጋት፣ ቲቢ ከሰው ወደ ጦጣ ከጦጣም ወደ ሰው ይሄዳል። ከዛ በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በኩል ያለውን መንገድ አብረን እንጀምራለን። ሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ የተባለ የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ፣ ከሰው እጅ የተወሰዱ ጦጣዎች፣ አቦሸማኔና አንበሳ ሳይቀር እዛ ይኖራሉ። ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱም እንደልብ አይደለም፣ ቦታ እስኪገኝና ጉዞው እስኪፈቀድ ጊዜ ይወስዳል፣ እስከዛ እኛ ጋ ትቆያለች። ራስህ ስለጠየቅክ አመሰግንሃለሁ፣ ከልቤ ነው።

ጥያቄ፦ ከቆላ ድባ። ቀበሮ በቀን ደጃችን መጣች፣ አትሸሽም፣ ልጄ ሊነካት ሲል በትንሹ እጁን ጫረችው። ቁስሉ ኢምንት ነው። ያስፈራል ወይ?

መልስ፦ አዎ ያስፈራል። ሰው የማይሸሽ የዱር እንስሳ ገራም አይደለም፣ ታማለች ብለሽ ነው መያዝ ያለብሽ። ይሄን እያነበብሽ ከሆነ እንኳ አሁኑኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው፣ ከዛ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ፣ ክትባቱ ቀጠሮ አለው፣ አንዱም እንዳይቀር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፣ ከምልክቱ በፊት ግን በክትባት ይቆማል። ጸበል አትውሰጂው አላልኩም፣ እኔም ጸበል እሄዳለሁ፣ ግን ሳሙናውና ክትባቱ ይቅደም። ቀበሮዋን ማንም እንዳይጠጋት፣ ለወረዳው እንስሳት ጤና ንገሪ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ መጥቼ እንስሳቱን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ አይቻልም፣ ይቅርታ። እየዳነ ያለ እንስሳ ተመልካች ባየ ቁጥር ልቡ ይመታል፣ መብላትም ያቆማል። ልጆቹን ግን በራችን ድረስ ይዘሻቸው ነይ፣ ያረጀ ፎጣ፣ ንጹህ ካርቶንና ባዶ ሀይላንድ ይዘው ከመጡ ትልቅ ሥራ ነው። ፎጣው ክሩ የተመዘዘ አይሁን፣ ጣትና ጥፍር ይታሰርበታል።