ቁስሉ ድኖ ህመሙ ለምን አልሄደም? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጅማ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ነው የምሠራው። ከስብራትና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚቀር የነርቭ ህመም ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ተገልብጦብኝ እግሬ ውስጥ ብረት ገባልኝ። ዓመት ሊሞላኝ ነው። ራጅ ስነሳ "አጥንትህ ገጥሟል፣ ምንም የለህም" ይሉኛል። ማታ ግን ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም። እያበድኩ ነው እንዴ?

መልስ፦ አላበድክም ወንድሜ። ራጅ አጥንት እንጂ ነርቭ አያሳይም። ነርቭ ሲጎዳ ወይም ጠባሳ ውስጥ ሲያዝ ማንም ሳይነካው የህመም መልእክት ይልካል፣ ይህ ሲቆይ ደግሞ ህብለ ሰረሰርህና አንጎልህ ራሳቸው ቁጡ ይሆናሉ፣ አንሶላው እሳት የሚሆንብህም ለዚህ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ነጠላቸው እጃቸውን እንዳይነካው ክንዳቸውን ከጎናቸው አርቀው ይዘው ገቡ። ገና ሳይናገሩ ገባኝ። አንተም ሐኪም ጋ "ያመኛል" ብቻ አትበል። "ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ሲነካኝ አልችልም" በል። ሐኪሙን ወደ ነርቩ የሚመሩት እነዚህ ቃላት ናቸው።

ጥያቄ፦ ዲክሎፌናክ ስንት ጊዜ ዋጥኩ፣ ምንም። አሚትሪፕቲሊን ሲታዘዝልኝ "የድብርት መድኃኒት ነው" ሲሉኝ ሳልጀምረው ተውኩት።

መልስ፦ እህቴ፣ ተመልሰሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለነርቭ ህመም እምብዛም ናቸው። አሚትሪፕቲሊን መጀመሪያ ለድብርት የወጣ ነው፣ በትንሽ መጠን ግን የነርቩን መልእክት ያበርዳል። ብዙ ጊዜ ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። ሳምንታት ይፈልጋል፣ በ3 ቀን "አልሠራም" ብለሽ እንዳትጥዪው። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የልብ ችግር፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ወይም ሽንት አልወጣ የማለት ችግር ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም አሉ፣ እነሱን በድንገት ማቆም ወይም ከአልኮል መጠጥ ጋር መውሰድ ግን አደጋ ነው። ትራማዶልን ከጓደኛ እየተቀበላችሁ የምትውጡ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። ይለመዳል፣ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደረብም እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጫት ስቅም ህመሙ ይረሳኛል። ክፋት አለው?

መልስ፦ አለው። ማታ እንቅልፍህን ይወስዳል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ህመም ደግሞ በማግስቱ ይብሳል።

ጥያቄ፦ አባቴ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። የሌለው ጣታቸው ያማቸዋል። ጎረቤት መንፈስ ነው ይላል።

መልስ፦ መንፈስ አይደለም። እግሩ ቢሄድም አንጎላቸው ውስጥ ያለው ቦታው አልሄደም። ዊር ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በእርስ በርስ ጦርነት እጅና እግራቸውን ባጡ ወታደሮች ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1871 ስም ሰጥቶታል። መድኃኒት አለው። ረጅም መስታወት ፊቱን ወደ ጤነኛው እግር አዙራችሁ በእግሮቻቸው መሀል አቁሙላቸውና ጤነኛውን እግር በመስታወቱ እያዩ ያንቀሳቅሱት፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል። ሁሉንም አይረዳም፣ ግን ወጪ የለውም። ዱዓም ሆነ ጸሎት ያድርጉ፣ ሕክምናውን ብቻ አያቋርጡ። ደግሞ አባትህን "የሌለ ነገር አያምም" አትበላቸው። ያማቸዋል።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ቢያሸኝስ?

መልስ፦ የተቆጣ ነርቭ በኃይል አይታሽም። መጀመሪያ በጥጥ፣ ስትለምድ በነጠላ፣ ቆይቶ በፎጣ፣ ቀስ ብለህ በቀን ጥቂት ጊዜ ዳስሰው። እጅህ ካበጠ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከሌላው እጅህ ይልቅ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። ስብራት ላይ የታሰረ ቀርከሃም ጣት ካደነዘዘ ወይም ካጠቆረ እዚያው ፈትታችሁ ሆስፒታል ሩጡ። በዚህ የተቆረጠ እጅ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የክንዴ ነርቭ ተሰፍቶልኛል። መቼ ነው የምድነው?

መልስ፦ ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከክርንሽ እስከ ጣትሽ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን ከዓመት በላይ ነው። ከጠባሳው ወደ ጣትሽ አቅጣጫ በቀስታ መታ መታ አድርጊ። የሚነዝርሽ ቦታ ከወር ወር ወደ ታች ከወረደ ነርቩ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ የደረሰበትን ቦታ ከጠባሳው ለክተሽ ጻፊው፣ የዛሬ ወር ደግመሽ ለኪው።