ከአባትሽ ወገንስ?

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ሕክምና የሚማር የጎረቤት ልጅ ጠጋ አለኝ። «ዶክተር፣ አክስቴ የሞተችው በጡት ካንሰር ነው። እህቶቼን ያሰጋቸዋል?»

«የየት ወገን አክስት?» አልኩት።

«የአባቴ እህት።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ለዚያ ነው።

በ1993 ዓ.ም. በአንዲት የወረዳ ከተማ እሠራ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ ወረፋው አጥሩን ዞሯል። ከቢቸና በኩል የመጣች፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ሳል የያዘው ልጅ አዝላ ገባች። ልጁን አየሁ፣ መድኃኒት ጻፍኩ። እሷ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

«የጡት ነቀርሳ በዘር ይመጣል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

ከወረቀቱ ቀና አላልኩም። «ከእናትሽ ወገን የታመመ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አያሳስብሽ።»

በቃ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። መርቃኝ ወጣች። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ያ ምርቃት ነው።

በ1998 ተመልሳ መጣች። የግራ ጡቷ እብጠት ቆዳውን ሰንጥቆ ወጥቷል። ወራት ጠበል ቆይታለች። ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ የጠየቅኳት። የጎጃም ሰው ዘሩን ያውቃል፤ ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እሷም ጣቷን እያጠፈች ቆጠረችልኝ። የአባቷ እህት በጡት ቁስል ሞታለች። የአባቷ እናትም እንዲሁ። ሁለቱም አርባ አልደረሱም።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ጥፋቴን ወደ እሷ ላሻግር!

«አንቱ የጠየቁኝ የእናቴን ወገን ነው» አለች። ድምጿ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም።

ወደ አዲስ አበባ ላክኋት። የጨረር ሕክምና ያኔ በአገሪቱ እዚያ ብቻ ነበር። የዓባይን በረሃ ሁለት ጊዜ ወርዳ ወጣች። ለሦስተኛው አልሄደችም።

አላውቅም ነበር ብዬ ልምል አልችልም። ሲበላሽ ለጡት ካንሰር የሚያጋልጠው፣ ቢአርሲኤ1 የተባለው ዘረ መል ተለይቶ የታወቀው በፈረንጆቹ 1994 ነው፤ ከእኔ ስህተት ስድስት ዓመት ገደማ ቀድሞ። የተበላሸው ቅጂ ከእናትም ከአባትም እኩል ይወረሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። አባት ግን ብዙውን ጊዜ ራሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ያቀብላል። ስለዚህ የአባት ወገን ይረሳል። ያቺ ሴት በእርግጥ ያ የተበላሸ ቅጂ ይኑርባት አይኑርባት የመረመራት የለም። ያም ሆኖ መጠየቅ ነበረብኝ።

ቤተሰብ ለምን እንደሚደብቅ አይጠፋኝም። በልጅነቴ ሥጋ ደዌ የዘር በሽታ ነው ተብሎ፣ ከዚያ ቤት ልጅ የሚያጭ አልነበረም። ሃንሰን የተባለው ኖርዌያዊ ሐኪም ባክቴሪያውን በ1873 አይቶታል። ወሬው ግን እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም።

አሁን ነገሩ ሰፍቷል። እንደ ቢአርሲኤ ያለ ብርቱ ለውጥ የሚሸከሙት ጥቂቶች ናቸው። ጥቃቅኑን ግን ሁላችንም እንሸከማለን። አንዱ ብቻውን ሚዛን ላይ እንደ ወደቀች የጤፍ ፍሬ ነው፤ ምንም አይነቀንቅም። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ ጥናት ለጡት ካንሰር ብቻ 313 እንዲህ ያሉ ልዩነቶችን ደምሮ ስጋትን ለመገመት ሞከረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለበጎ ነበር፤ እዚህ ላይ አንበሳው እኛ ነን። የተበላሸ ቢአርሲኤ1 ያለባትን ሴት እንኳ እነዚህ ጥቃቅኖች ስጋቷን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉባታል። ሁለት እህትማማቾች ያንኑ ክፉ ዘረ መል ወርሰው አንዷ በ35 ዓመቷ ስትታመም ሌላዋ የልጅ ልጅ የምትታቀፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ችግሩ፣ ስሌቱ የተሠራው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ላይ ነው። በአፍሪካውያን ላይ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል። በሰው ቁና የራስን እህል መስፈር ነው።

እናንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ስልክ ትጠይቃላችሁ፤ ምድጃ ዳር የተቀመጡትን አያታችሁን ትዘላላችሁ። እውነቱን ለመናገር ስለ 313ቱ የነገረኝም ያው ልጅ ነው፣ ከስልኩ እያነበበ። ይሁን።

ሲጋራና መጠጥን ታውቁታላችሁ፣ አልመክርም። አያታችሁን ስትጠይቁ ግን «ካንሰር ነበር?» አትበሉ፤ የለም ይሏችኋል። «ጡቷ ቆስሎ የሞተች አለች? ሆዷ አብጦስ? ስንት ዓመቷ ነበር?» በሉ። የእንቁላል እጢ (ኦቫሪ) ካንሰርም ከዚያው ዘረ መል ጋር ይያያዛል። በሁለቱም ወገን ጠይቁ። ጻፉት።

ይህን ሁሉ እላለሁ እንጂ እኔ ራሴ አልተመረመርኩም። ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ። የአባቴ እህት በምን እንደሞተች ደግሞ አውቃለሁ። ባለቤቴ «ዶክተር ለሰው» ትለኛለች።

ልጁ ትናንት ማታ ደወለልኝ። አያቱን ጠይቆ እስከ ሰባት ቤት ጽፏል። በአባቱ ወገን፣ ሦስተኛው ቤት ላይ፣ ጡቷ ቆስሎ የሞተች ሌላ ሴት አለች። ስሟን ግን አያቱ አልነገሩትም።