በቀላሉ የሚጸዳ ፒፓ ስለመስራት፤ ለአባቱ ፒፓ ለሰራው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአባትህ ከወይራ እንጨት ፒፓ ሰራህላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ተዘጋ። ሲስቡት ውስጡ ውሃ እንዳለ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሽቦ ስታስገባም መሃል ላይ ይቆምብሃል። «ለማጽዳት እንዲመች ከመጀመሪያው እንዴት ልንደፈው?» ነው ያልከው። አብሽር፤ እኔም እዚሁ ደሴ ያው ነገር ደርሶብኛል። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ንጹሕ ፒፓ ትምባሆን ጤናማ አያደርገውም። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ፒፓው ስለጸዳ አይቀርም። አባትህ ማቆም ከቻሉ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። እኔም አጎቴን ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ። እስካላቆሙ ድረስ ግን የገማና የሻገተ ነገር አፋቸው ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። አንተም የጠየቅከው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አጎቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ከሰዓት ቡና ሲፈላ ፒፓቸውን ያነሳሉ። አቦል ሲቀዳ ይለኩሳሉ፣ በረካ ላይ ያበቃሉ። የመጀመሪያውን ፒፓ የሰራሁላቸው ከደረቀ የወይራ ጉቶ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ደስ ይላል። መስመሩ፣ ቀለሙ፣ ልስላሴው! ሁለት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼዋለሁ። የውስጡን ቀዳዳ ግን በአስር ደቂቃ ነው የበሳሁት። በወሩ «ልጄ፣ ይኼ ነገር እኮ ከትምባሆው የባሰ ይሸታል» አሉኝ።

ተቀብያቸው ወደ ቤት ሄድኩና ሞርሳ (እንጨት ማሰሪያ ብረት) ላይ አስሬ ትምባሆ ከሚሞላበት ራሱ ቱቦው እስከሚገጠምበት አንገቱ ድረስ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ሳደርገው ሆዴ አልቻለም ነበር። ግን ያን ቀን የተማርኩትን ከዚያ በኋላ ከየትም አላገኘሁትም። ያንተም አንዴ ከተበላሸ ሰንጥቀህ እየው። ውስጡን ሳታይ ሁለተኛ ብትሰራ ያንኑ ስህተት ነው የምትደግመው።

ቆሻሻው በየቦታው እኩል የተለጠፈ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ሦስት ቦታ ብቻ ነው የተጠራቀመው።

አንደኛው ትምባሆው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ወለል ነው። የጭሱ ቀዳዳ የገባው ከወለሉ 4 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ከቀዳዳው በታች ያለው ትምባሆ ስለማይቃጠል እርጥብ ሆኖ ይቀራል። አጎቴ በየቀኑ አመዱን ቢያራግፉም ያ ጭቃ እዚያው ነበር።

ሁለተኛው እንጨቱና አፍ የሚገባው ቱቦ የሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ሴቴውን፣ ማለትም እንጨቱ ላይ ያለውን መግቢያ ቀዳዳ፣ 17 ሚሊሜትር ጥልቀት በስቼ ወንዴውን፣ ማለትም እሱ ውስጥ የሚገባውን የቱቦውን ጫፍ፣ 12 ሚሊሜትር ርዝመት ነበር ያደረግኩት። መሃል ላይ የ5 ሚሊሜትር ባዶ ክፍል ተፈጠረ። ከውጭ ስታየው ግጥም ብሏል፤ ምንም አያሳይም። ውስጡ ግን ትንሽ የቆሻሻ ጉድጓድ ነው። ከሦስቱ በጣም የከፋው ይሄ ነበር። ሽታውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሦስተኛው ሁለቱ ቀዳዳዎች የተገናኙበት ነው። ከራስ በኩልና ከአንገት በኩል ለየብቻ ስለበሳኋቸው መሃል ላይ ተዛነፉ። ትንሽ ክርን ሰርተዋል። ያንተም ሽቦ የሚቆመው እንዲህ ያለ ክርን ላይ፣ ካልሆነም በሁለተኛው ክፍተት ጠርዝ ላይ ይመስለኛል።

ይሄ ሁሉ ጭቃ ከየት መጣ? መነሻው ውሃ ነው። ትምባሆው ራሱ እርጥበት አለው። ሲቃጠልም ውሃ ይፈጠራል። እንፋሎቱ ከጭሱ ጋር ሞቆ ይነሳና አንገቱ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ከአመዱና ከጭሱ ጥቁር ዝቃጭ ጋር ይለወሳል። ማረፊያ ክፍተት ካገኘ እዚያ ይቀመጣል፤ ካላገኘ በማጽጃ ተጠርጎ ይወጣል። ስለዚህ ፒፓ ስትነድፍ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ውሃው የት ይቀመጣል?» የሚለውን ነው።

እኛ ደግሞ ብርዱም አለብን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ 1,850 ገደማ ላይ ነህ። አጎቴ ኮምቦልቻ ልጃቸው ቤት ሲሰነብቱ ያው ፒፓ ያው ትምባሆ እምብዛም ቡልቅ አይልባቸውም። ሙቀት ያለበት ቦታ አንገቱ ቶሎ አይቀዘቅዝም። አባትህ ደሴ ላይ፣ ያውም በረንዳ ላይ የሚያጨሱ ከሆነ ውሃው ይበዛል ብለህ ንደፈው።

አሁን ወደ ሥራው። ቀጥ ያለ ፒፓ ስራ። ጎበጥ ያለው ያምራል፤ ለማጽዳት ግን ቀጥ ያለውን የሚያህል የለም። ከጎን የታየ ሥዕሉን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አውጣ። መጀመሪያ የምትስለው ቅርጹን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው። ከአፉ (አፍ ከሚገባው ቱቦ) ጫፍ እስከ ጎድጓዳው ወለል አንድ ቀጥ ያለ መስመር በማስመሪያ አስምር። እንጨቱን የምታለብሰው ከዚያ በኋላ ነው።

እንጨቱ አራት ማዕዘን እንደሆነ ብሳው። ክብ ካደረግከው በኋላ ሞርሳ ላይ ቀጥ ብሎ አይታሰርልህም። ከአንገቱ በኩል በ8 ሚሊሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) 18 ሚሊሜትር ጥልቀት ግባ፤ ይሄ ሴቴው ነው። እንጨቱን ከሞርሳው ሳትፈታ ፑንታውን ብቻ ቀይርና በ4 ሚሊሜትር የጭሱን ቀዳዳ ቀጥል። ካልፈታኸው አይዛነፍም። ለሦስተኛው ችግር መፍትሄው ይኼው ነው። የጭሱ ቀዳዳ ጎድጓዳው መሃል ይሆናል ያልከው ቦታ ላይ ሲደርስ አቁም።

ቀጥሎ ጎድጓዳውን ከላይ ወደ ታች ብሳ። ስፋቱ 19 ወይም 20 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 38 ይሁን። ወለሉ እንደ ሲኒ ክብ መሆን አለበት። ሹል ከሆነ ጨርቅ አይገባበትም፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ማዕዘኑ ላይ አመድ ይደርቃል። እኔ ጠፍጣፋ የእንጨት ፑንታ ጫፉን በግራይንደር አክብቤ ነው የምጠቀመው። ወለሉ ከጭሱ ቀዳዳ የታች ጠርዝ ጋር ልክ ሲገናኝ አቁም። አልፈህ ከወረድክ ያ እርጥብ ጉድጓድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ግድግዳው ዙሪያውን ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ይቅርለት፤ ከቀጠነ እጅ ያቃጥላል፣ ይሰነጠቃልም።

4 ሚሊሜትር ያልኩህ በምክንያት ነው። በ3 ሞክሬ ማጽጃው እየተቀረቀረ አስቸገረኝ። በ5 ደግሞ ፍርፋሪው ወደ አፍ ይመጣል።

ወንዴውን ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም አስቆርጬዋለሁ። የውጭ ስፋቱ 8፣ የውስጡ 4 ነው። ርዝመቱን በካሊብሮ (ሚሊሜትር መለኪያ) እየለካህ ቀስ በቀስ አሳጥረው። ሲገባ ከሴቴው ወለል ጋር የሚቀረው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር በታች መሆን አለበት። ጨርሶ እንዲነካም አታድርገው። እንጨት ሲሞቅና ሲረጥብ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሄድበት ከሌለው አንገቱን ይሰነጥቀዋል። የወንዴውን ቀዳዳ ጫፍ በሁለቱም በኩል በሰፋ ፑንታ ትንሽ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ክፈተው። ማጽጃው ጠርዝ ላይ ሳይቆም ተንሸራቶ ያልፋል።

አፉን በተመለከተ የሰራሁትን ስህተት ልንገርህ። ሁለተኛውን ፒፓ አፉን ከበሬ ቀንድ ሰራሁት። ቀንድ ሲወለወል ውብ ነው። አጎቴ ደግሞ ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድ አረቄም ሆነ አልኮል አፋቸው አጠገብ አያደርሱም። ስለዚህ በሙቅ ውሃ አጠቡት። ቀንድ ደግሞ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል። ወንዴው የተያያዘበት ቦታ ላልቶ ተወላገደ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። በምን እንደሚያጸዱ ሳልጠይቅ ነው የነደፍኩት። አንተም አባትህን መጀመሪያ በምን ሊያጸዱ እንደሚፈልጉ ጠይቃቸው። ዕቃውን የሚወስነው እሱ ነው።

አሁን አፉ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ በለብታ ውሃና በሳሙና ቢታጠብ ምንም አይሆንም። የፈላ ውሃ ግን ያለሰልሰዋል፤ አልኮል ደግሞ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣበታል። ተነቅሎ ብቻውን እንዲታጠብ አድርጌ ስለሰራሁት አጎቴ ለእጅ ከተዘጋጀው ውሃ ትንሽ ወስደው ያጥቡታል፤ በቃ። እንጨቱ ግን ውሃ ውስጥ አይነከርም። ደረቅ ማጽጃና ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

በብሎን የሚፈታስ ብትለኝ፣ ሞክሬዋለሁ። አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ፋልከን የሚባለው ፒፓ፣ ትምባሆ የሚሞላበት ራስ ከብረቱ አንገት ላይ ተጠምዝዞ ይፈታል። ውሃው ከታች ባለው ብረት ላይ ይጠራቀምና ፈትቶ መጥረግ ነው። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። እኔ አስመስዬ ሳሰራው ግን ጥርሱን ቀጭንና ብዙ ዙር አድርጌ ሳልኩት። በሦስት ሳምንት ጥቁሩ ዝቃጭ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ እንደ ኮላ ያዘው። በግድ ስንጠመዝዘው እንጨቱ ተሰነጠቀ። ብሎን የምታደርግ ከሆነ ጥርሱ ወፍራም፣ ዙሩ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይሁን።

የአየርላንዱ ፒፓ ሰሪ ፒተርሰን ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1890 ባስመዘገበው ንድፍ ከጭሱ መንገድ በታች የውሃ ማጠራቀሚያ ጎድጓድ አድርጎለታል። ጠብታው እዚያ ይወርዳል፤ ጭሱ በላይ ያልፋል። «ታዲያ አንተ ክፍተት አትተው አላልክም?» ትለኝ ይሆናል። ልዩነቱ ያኛው ሰፊ ነው፤ አፉን ስትነቅለው ወለል ብሎ ይታያል፣ በጨርቅ ይጠረጋል። የእኔ 5 ሚሊሜትር ግን ምንም የማይገባበት ስርቻ ነበር። ልምድ ካገኘህ በኋላ ሞክረው እንጂ በሁለተኛው ፒፓህ አትጀምረው።

ስለ መፍታት ካነሳን፣ አያቴ ጋያ (ጭሱ በውሃ ውስጥ የሚያልፍበት ማጨሻ) ነበራቸው። ቅሉ ለብቻ፣ የሸክላው ራስ ለብቻ፣ መሳቢያው ለብቻ ይነቀላል። ውሃው ይደፋል፣ ሁሉም ይለቀለቃል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልጅ ሆኜ የማየው ይሄን ነበር። የመጀመሪያውን ፒፓ ስሰራ ግን ትዝ ሳይለኝ ቀረ። ዛሬ ሳስበው የሚያስፈልገኝ ትምህርት ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ነበር።

ማጽጃውን በተመለከተ፣ ባዶ ሽቦ አታስገባ። እንጨቱን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ ቦታ ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል። ሁለት ቀጫጭን ሽቦ መሃል ጥጥ አስገብተህ አብረህ ጠምዝዘው። እኔ እናቴ በእንዝርት ለመፍተል ያዘጋጀችውን ባዘቶ ነው የምወስደው። ጫፉን እጠፈው፤ እንዳይወጋ። የዶሮ ክንፍ ላባም ለዕለቱ ደህና ይሰራል። አባትህ አልኮል ግድ ከሌላቸው ለእንጨቱ በዳግም አረቄ የረጠበ ማጽጃ አልፎ አልፎ ማሳለፍ ይቻላል። ለምድጃ የሚሸጠውን ስፕሪቶ ግን በፍጹም፤ መርዝ ነው።

ሁለት ነገር ለአባትህ ንገራቸው። ፒፓው ሳይቀዘቅዝ አፉን አይንቀሉት፤ አንገት የሚሰበረው በትኩሱ ሲጠመዘዝ ነው። የጎድጓዳው ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ከሰልም ከ1 ሚሊሜትር ብዙ አይለፍ። ስስ ከሆነ እንጨቱን ከእሳት ይጠብቀዋል። ሲወፍር ግን ሲሞቅ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ጫፉ ባልሾለ ቢላ ቀስ ብለው ይፋቁት።

ስለ እንጨቱ ደግሞ ወይራ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጥላው ውስጥ በደንብ ይድረቅ እንጂ። ጽድ ሙጫ አለው፣ ተወው። ውስጡን ቫርኒሽ አትቀባ። ፈረንጆቹ የሚመርጡት እንጨት ደጋ ላይ የሚበቅለው የእኛው ተክል የአስታ ዘር ነው። ከሜዲትራኒያን አገሮች ከአፈር ሥር ያለውን ጉብ ቆፍረው ያወጣሉ። እኛም ቦረና ሳይንት በኩል ደጋው ላይ አስታ አለን። ግን ጉቡን ማውጣት ተክሉን መግደል ነው፤ አደራ እንዳትነካው። ወይራም ቢሆን የወደቀውን ነው የምንጠቀመው።

ሁሉንም ከበሳህ በኋላ፣ እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን እያለ፣ አፉን ግጠምና ማጽጃውን ከአፍ በኩል አስገባ። ሳትገፋው ጎድጓዳው ወለል ላይ ብቅ ካለ ወደ ቅርጹ ሂድ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ቆም ካለ ያን እንጨት ተወውና ሌላ ጀምር። የጠፋው ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ሥዕልህን ከነልኩ እዚህ ለጥፈው፤ ፑንታ ከማንሳትህ በፊት አየዋለሁ።